ደለል ይይዛል፤ ግን ምንን፣ በምን፣ እስከ መቼ?

ከፋብሪካ የወጣ ኬሚካል ደለል ላይ ከተጣበቀ ወዲያ ማንንም አይጎዳም የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ጸሐፊው የሚነሡት ከወደብና ከባሕር ዳርቻ ጭቃ ነው፤ ከዚያ ድሬዳዋን ወደሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይመጣሉ። ክርክራቸው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ጎርፍ የፋብሪካውን ፍሳሽ ጠርጎ ባሕር ይከተዋል፣ ባሕሩም ያቀጥነዋል፤ የቀረው ጭቃ ላይ ተጣብቆ እስከ ወዲያኛው ይቀመጣል፤ የደቻቱ አሸዋም በዚያው መንገድ ያጣራል፤ ውሃው ተመርምሮ ንጹሕ ከተባለ ከሥሩ ያለው ደለል ንጹሕ ነው፤ ከባሰም ደለሉን ቆፍሮ ማውጣትና ጡብ መሥራት ይቻላል።

አንድ ነገር እናጽድቅላቸው። እርሳስ፣ ባዝቃ (ሜርኩሪ)፣ ፒሲቢ (ቀድሞ በትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ ይገባ የነበረ ኬሚካል)፣ ዲዲቲ (የተባይ መርዝ)፣ ከጥቀርሻና ከተቃጠለ ዘይት የሚመጡት ውህዶች፣ እነዚህ ሁሉ ውሃ ውስጥ ከመቆየት ይልቅ ወደ ደለል ይሄዳሉ። ይህ እውነት ነው፤ የጽሑፉም ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው ሁሉም ኬሚካል በሁሉም ደለል ላይ በአንድ ዓይነት መንገድ ይያዛል ብለው ሲቀጥሉ ነው።

ባሕሩ ያቀጥነዋል ስለተባለው

በመጀመሪያ ደቻቱ ባሕር አይገባም። ከደጋው ወርዶ ከዚራና መጋላ የተባሉትን የከተማዋን ሰፈሮች ለሁለት ከፍሎ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ሽንሌ ሜዳ ላይ ሲደርስ አሸዋው ውጦት ይቀራል። ጅቡቲ የሚደርሰው ባቡሩ ነው እንጂ ወንዙ አይደለም። በተፋሰስ ካርታ አብሮ የሚቆጠርበት አዋሽ እንኳ ባሕር አያይም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ስለዚህ ከድሬዳዋ የወጣ እርሳስም ሆነ ክሮሚየም የሚቀጥንበት ውቅያኖስ የለውም፤ እዚሁ ሜዳው ላይ ይከማቻል።

ባሕር የሚገባ ወንዝ ቢሆንም ኖሮ ነገሩ ጸሐፊው እንደሚሉት አይደለም። ደቃቅ የሸክላ ቅንጣቶች ገጻቸው ላይ አሉታዊ ቻርጅ አላቸው፤ በወንዝ ውሃ ውስጥ እርስ በርስ እየተገፋፉ ሳይሰምጡ ሩቅ ይሄዳሉ። ወንዙ ባሕር ሲገናኝና ጨዋማነቱ በሊትር ጥቂት ግራም ሲደርስ ይህ መገፋፋት ይከስማል። ቅንጣቶቹ ተያይዘው ይጓጉላሉ፣ ይከብዳሉ፣ እዚያው ወንዙ አፍ ላይና ወደብ ውስጥ ይሰምጣሉ። የተሸከሙት ኬሚካልም አብሯቸው ይወርዳል። ባሕሩ የበተነው ሳይሆን ዳርቻው ላይ የሰበሰበው ሆኖ ይገኛል።

ጨው ሌላም ሥራ አለው። ሊትሩ 35 ግራም ጨው በያዘ የባሕር ውሃ ውስጥ ቅባት ወዳድ ኬሚካሎች (እንደ ፒሲቢና ዲዲቲ ያሉት) የመሟሟት አቅማቸው ስለሚቀንስ ወደ ደለሉ የሚያደርጉት ግፊት ከወንዝ ውሃው ጋር ሲነጻጸር 1.4 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ካድሚየም ግን ተቃራኒ ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 19 ግራም ያህል ክሎራይድ አለው፤ ካድሚየም ከክሎራይድ ጋር ተጣምሮ የሚሟሟ ውህድ ስለሚሠራ ወንዙ ላይ ከሸክላ ጋር የመጣው ካድሚየም ወንዙ አፍ ላይ ለቅቆ ወደ ውሃው ይመለሳል። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ፒሲቢው ይወርዳል፣ ካድሚየሙ ይነሣል።

የመቅጠን ተስፋ የት እንደሚያደርስ ለማየት ካሊፎርኒያ፣ ፓሎስ ቨርዴስ የሚባለው ጠረፍ ይበቃል። ሞንትሮዝ የተባለው የዲዲቲ አምራች ከ1947 እስከ 1971 (እ.ኤ.አ.) ዝቃጩን በከተማው የፍሳሽ መስመር በኩል ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ ለቀቀ። ከዓለም ትልቁ ውቅያኖስ ነው። ከአሥርት ዓመታት በኋላ ግን የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን እዚያው ጠረፍ ደለል ውስጥ 100 ቶን ገደማ ዲዲቲ እንዳለ ገምቷል።

ከተጣበቀ አይለቅም ስለተባለው

ይህኛው የጽሑፉ ምሰሶ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንሂድበት። ደለል ኬሚካል የሚይዘው ቢያንስ በአምስት መንገድ ነው፤ እያንዳንዱም የሚለቅበት ሁኔታ አለው።

ደካማው የሸክላ ገጽ ነው። ካድሚየም፣ ዚንክ፣ እርሳስ አዎንታዊ ቻርጅ ስላላቸው አሉታዊው ሸክላ ይስባቸዋል። ስሜክታይት የሚባለው ሸክላ በግራም እስከ 700 እና 800 ካሬ ሜትር ገጽ ሊኖረው ይችላል፤ ካኦሊናይት ከ10 እስከ 20፤ አሸዋ ደግሞ ከ1 በታች። «ጭቃ» ብሎ መናገር ብቻውን ምንም የማይነግረን ለዚህ ነው። በዚህ መንገድ የተያዘ ካድሚየም፣ ዚንክ ወይም እርሳስ ሌላ አዎንታዊ አዮን (ቻርጅ ያለው ቅንጣት) በብዛት ሲመጣ ቦታውን ይለቃል። ላቦራቶሪ ውስጥ ይህን ክፍል ለይቶ ለማውጣት ደለሉን በ1 ሞላር ማግኒዥየም ክሎራይድ 1 ሰዓት መናጥ ይበቃል። ጨው የበዛበት የፋብሪካ ፍሳሽ በዚያው ቦይ ሲወርድም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ትናንት የተያዘውን ዛሬ ያስለቅቃል።

ሁለተኛው በቅንጣቶቹ ላይ እንደ ቅብ የሚቀመጠው የብረትና የማንጋኒዝ ዝገት ነው። ቀይ ቡናማ ቀለም የሚሰጠው እሱ ነው። ከሸክላው ይልቅ አጥብቆ ይይዛል፤ እርሳስንና መዳብን ከዚንክና ከካድሚየም አስቀድሞ። አርሴኒክም እዚህ ላይ ነው የሚቀመጠው። ነገር ግን ዝገቱ ራሱ የሚኖረው ኦክስጅን እስካለ ድረስ ነው። ኦክስጅኑ ሲያልቅ ባክቴሪያዎች ዝገቱን ያሟሙታል፤ ቅቡ ሲሟሟ የተቀመጠበት አርሴኒክ ተከትሎ ይወጣል።

ኦክስጅን ደግሞ ቶሎ ነው የሚያልቀው። በባሕር ዳርቻ ጭቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከላይኛዎቹ ጥቂት ሚሊ ሜትሮች አያልፍም። ከዚያ በታች ባክቴሪያዎች ሰልፌት ወደ መተንፈስ ይገባሉ፤ የባሕር ውሃ በሊትር 2.7 ግራም ሰልፌት ስላለው ምግብ አይቸግራቸውም። ውጤቱ ሰልፋይድ ነው፤ ጥቁሩ ቀለምና የበሰበሰ ዕንቁላል ሽታው ከዚያ ነው። መዳብ፣ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ዚንክና ኒኬል ከብረት ሰልፋይድ ላይ ብረቱን አስወጥተው ራሳቸው ሰልፋይድ ይሆናሉ፤ የማይሟሟ ጥቁር ነገር። እዚህ ላይ ጸሐፊው እውነት አላቸው። የሙያው ደንብም አለ፤ ደለሉ በቀዝቃዛ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ታክሞ የሚወጣውን ሰልፋይድ በማይክሮ ሞል ትለካለህ፣ በዚያው አሲድ የወጡትን የአምስቱን ብረቶች ድምር ትለካለህ፤ ሰልፋይዱ ከብረቶቹ ድምር ከበለጠ እነዚያ ብረቶች በደለሉ ውስጥ ያለውን ነፍሳት ይመርዛሉ ተብሎ አይጠበቅም።

ታዲያ ይህ ሁሉ የሚሠራው ጭቃው ተከድኖ እስከተቀመጠ ነው። የመርከብ መልሕቅ ሲያርሰው፣ የመርከብ ፕሮፔለር (የሚሽከረከረው መቅዘፊያ) ሲያናውጠው፣ ማዕበል ሲያነሣው፣ ትል ሲቆፍረው ኦክስጅን ይገባል። የብረት ሰልፋይድ በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ ከኦክስጅኑ ጋር ተዋሕዶ ይፈርሳል፤ የካድሚየምና የዚንኩ ተከትሎ፣ የመዳቡ ግን ዘግይቶ። ለትክክለኛነት ሲባል፣ የወጣው ካድሚየም፣ ዚንክና መዳብ አብዛኛው አዲስ በተሠራው ዝገት ላይ መልሶ ይያዛል፤ ውሃው ውስጥ የሚቀረው ጥቂቱ ነው። ጥቂቱ ግን የሚሟሟው፣ ማለትም ዓሣው በስንጥቡ የሚቀበለው ክፍል ነው።

ትሎችና ቀንድ አውጣዎች የደለሉን የላይኛውን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ያገላብጣሉ። በዓመት 5 ሚሊ ሜትር አዲስ ደለል በሚወርድበት ወደብ ዛሬ የተጣበቀ ኬሚካል ከዚህ ንብርብር በታች ለመውረድ 20 ዓመት ይፈልጋል። በእነዚያ 20 ዓመታት ውስጥ ተቀብሯል ማለት አይቻልም።

ባዝቃ የራሱ ጉዳይ ነው። ሰልፋይድ ከሁሉም አጥብቆ የሚይዘው እሱን ነው፤ ሆኖም ባዝቃን ወደ ሜቲል ባዝቃ የሚለውጡት እነዚያው ሰልፌት የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎችና ዘመዶቻቸው ናቸው። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ሥራውን የሚሠሩት ሁለት ጂኖች ተለይተው ታውቀዋል። ሜቲል ባዝቃ በምግብ ሰንሰለቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይከማቻል፤ ስለዚህ ባዝቃ ደለል ውስጥ ገብቷል ማለት ወደ አደገኛው መልኩ የሚለወጥበት ቦታ ደርሷል ማለትም ሊሆን ይችላል።

የቀሩት ሁለቱ መያዣዎች ብስባሹና ጥቀርሻው ናቸው፤ የሚይዙትም ቅባት ወዳዱን ክፍል ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ኬሚካሉ በኦክታኖል (ስብን ተክቶ ለመለኪያ የሚያገለግል አልኮል) እና በውሃ መካከል የሚከፈልበትን ቁጥር በ 0.63 ሲያባዙት ከብስባሽ ካርቦን ጋር ያለው ቁርኝት ይወጣል፤ ያንን ደለሉ ባለው የካርቦን ድርሻ ሲያባዙት በኪሎ ደለልና በሊትር ውሃ መካከል ያለው የመከፋፈያ ቁጥር ይገኛል። ከጥቀርሻና ከተቃጠለ ዘይት ውህዶች አንዱ ለሆነው ለፌናንትሪን የመጀመሪያው ውጤት 20,000 ገደማ ነው። 2 በመቶ ካርቦን ባለው የወደብ ጭቃ 400 ይሆናል፤ 0.1 በመቶ ብቻ ባለው አሸዋ 20። ጥቀርሻና የከሰል ብናኝ ካለበት መያዣው በአሥር፣ አንዳንዴም በመቶ እጥፍ ይጠነክራል።

ይህ ቁጥር ሁለቱንም አቅጣጫ የሚመራ መሆኑን ጸሐፊው ዘለውታል። ፍሳሹ እስካለ ኬሚካሉ ከውሃ ወደ ደለል ይሄዳል። ፍሳሹ ቆሞ ከላይ ንጹሕ ውሃ ሲመጣ ሚዛኑ ተገልብጦ ከደለል ወደ ውሃ ይመለሳል፤ በዝግታ፣ ግን ለዓመታት። ፋብሪካው ከተዘጋ ከብዙ ጊዜ በኋላ የወደብ ዓሣ ፒሲቢ የሚገኝበት ምክንያቱ ይኸው ነው። ደለሉ ራሱ ምንጭ ሆኗል።

የመርከብ ቀለምም መነሣት ነበረበት። የባሕር ፍጥረታት መርከብ ላይ እንዳይጣበቁ የሚቀባው፣ ትሪቢዩቲልቲን የተባለው ቀለም ፈረንሳይ አርካሾን ላይ የኦይስተር (የሚበላ ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ) እርባታን ስላጠፋ በ1982 ለትናንሽ ጀልባዎች ታገደ፤ ዓለም አቀፉ እገዳ በ2008 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ ዋለ። ኦክስጅን በሌለው ጭቃ ውስጥ ግን መበስበሱ እጅግ አዝጋሚ ነው። መርከብ ሲፋቅ የወደቀ የቀለም ቅርፊት ደለል ውስጥ ሲቀመጥ ደግሞ ከላይ ያለው ስሌት አይሠራለትም፤ ቅርፊቱ በተሰበረ ቁጥር አዲስ ገጽ ይከፈትና እንደገና ይለቃል።

የደቻቱ አሸዋ ያጣራል ስለተባለው

ለዓይን ያጣራል። ድፍርስ ውሃ አሸዋ ውስጥ አልፎ ጥርት ብሎ ሲወጣ ያየ ሰው ቢታለል አይፈረድበትም። የተያዘው ግን ድፍርሱ ነው፤ የተሟሟው ሌላ ነገር ነው።

የደቻቱ አሸዋ ከኖራ ድንጋይና ከአሸዋ ድንጋይ ተፈጭቶ የመጣ፣ ሸክላው ጥቂት፣ ብስባሹ ከዚያም ያነሰ ነው። ኖራው የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ቁጥር) ወደ 8 አካባቢ ያመጣዋል። የድሬን ማንቆርቆሪያ ከውስጥ ያየ ሰው ስለ ኖራው ሌላ ማስረጃ አይሻም። ይህ ለእርሳስ መልካም ነው፤ በዚህ ፒኤች ካርቦኔት ሆኖ ይረጋል ወይም ዝገት ላይ ይጣበቃል። ለባለ ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም፣ ማለትም ለሚሟሟውና ካንሰር አምጪው መልክ፣ ግን ክፉ ነው። ይህ ክሮሚየም ውሃ ውስጥ የሚገኘው ክሮሜት ሆኖ ነው፤ ክሮሜት አሉታዊ አዮን ነው፤ ፒኤች ከፍ ሲል የቅንጣቱም ገጽ ወደ አሉታዊ ስለሚያዘነብል ይገፋዋል እንጂ አይስበውም። ወደ ባለ ሦስት ቫለንስ ቀይሮ የሚያረጋው ብስባሽ፣ ሰልፋይድ ወይም ያልዛገ ብረት ነው፤ ኦክስጅን የሞላበት ደረቅ አሸዋ ውስጥ እነዚህ የሉም። የባሕር ጭቃ ክሮሜትን በፍጥነት ሊያረጋው ይችላል፤ የደቻቱ አሸዋ ያሳልፈዋል። ጸሐፊው ከባሕር ወደ ወንዝ ሲሻገሩ የጣሉት ትልቁ ነገር ይህ ነው።

የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያም እንደዚሁ ነው። ጥጥ የሚቀለምባቸው ሪአክቲቭ ቀለሞች በውሃ ውስጥ አሉታዊ ናቸው፤ ከገቡት ውስጥ ከ10 እስከ 50 በመቶው ጨርቁን ሳይዝ ከፍሳሹ ጋር ይወጣል፤ አብሮትም በሊትር በአሥሮች ግራም የሚቆጠር ጨው። እንደነዚህ ያሉት አሸዋ ላይ አይቆዩም። ለአክሪሊክ ክር የሚያገለግሉት አዎንታዊ ቀለሞችና ለፖሊስተር የሚያገለግሉት በውሃ የማይሟሟት ግን አጥብቀው ይያዛሉ። «የቀለም ፍሳሽ» ብሎ አንድ ላይ መፍረድ አይቻልም። የማጠቢያ ሳሙናው ደግሞ ቅባት ወዳዶቹን ከቅንጣት ላይ እያነሣ ይሸከማቸዋል።

በቁጥር እንየው። ውሃ የሞላ አሸዋ በሊትር 1.6 ኪሎ ደረቅ ክብደት፣ 35 በመቶ ክፍተት አለው እንበል። የመከፋፈያ ቁጥሩን በ4.6 ገደማ አባዝቶ 1 ሲደመር ኬሚካሉ ከውሃው ስንት እጥፍ እንደሚዘገይ ይነግረናል። ፌናንትሪን በ20 ሲሰላ 92 እጥፍ ይዘገያል፤ የከርሰ ምድር ውሃው በዓመት 100 ሜትር ቢሄድ እሱ 1 ሜትር ገደማ ነው። ከነዳጅ ማደያ የሚያፈስ ቤንዚን ውስጥ ያለው፣ በእንግሊዝኛ benzene የተባለው ውህድ ቁጥሩ 0.07 ብቻ ስለሆነ በዚያው ዓመት 76 ሜትር ይሄዳል። ክሮሜት በዚህ ኖራማ አሸዋ 0.5 ብንሰጠው 30 ሜትር። ናይትሬት ዜሮ ነው፤ ከውሃው እኩል 100 ሜትር። ከመጸዳጃ ጉድጓዶች የሚሰርገው ናይትሬት በድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ በተደጋጋሚ የተጠና ችግር የሆነውም አሸዋውና ድንጋዩ ምንም ስለማይይዙት ነው። አሸዋው በርግጥ የሚያጣራ ቢሆን በመጀመሪያ ይህንኑ ባጣራ ነበር።

በአሸዋው ላይ በርግጥ የሚያዘው ቢሆንስ? ጎርፍ ካለፈ በኋላ አሸዋው ላይ የሚቀረው፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ጠርዙ የሚጠቀለለው ስስ የጭቃ ቅርፊት አብዛኛውን ብረት ይይዛል። ከ63 ማይክሮ ሜትር በታች የሆኑት ቅንጣቶች የተሰበሰቡት እዚያ ነው። ይህ ቅርፊት በበጋ ነፋስ ያነሣዋል፣ ሰው ይተነፍሰዋል፤ በክረምት ደግሞ ቀጣዩ ጎርፍ ወደ ሽንሌ ይወስደዋል። በሐምሌ 1998 ማብቂያ ሌሊት የወረደውና ከ250 በላይ ሰው የጨረሰው የደቻቱ ጎርፍ ቤትን ከነመሠረቱ አንሥቷል፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር የጭቃ ቅርፊት በቦታው ይቆያል ብሎ የሚያምን አይኖርም።

ውሃው ንጹሕ ከሆነ ደለሉም ንጹሕ ነው ስለተባለው

ቁጥሩ በተቃራኒው ነው የሚናገረው። ፒሲቢ 153 የተባለውን እንውሰድ። 2 በመቶ ካርቦን ባለው የወደብ ጭቃ የመከፋፈያ ቁጥሩ 60,000 ገደማ ነው። በኪሎ 60 ማይክሮ ግራም በያዘ ደለል ውስጥ ያለው ውሃ በሊትር የሚኖረው 1 ናኖ ግራም ብቻ ነው። ከ10 ናኖ ግራም በታች የማያነብ መሣሪያ ያለው ላቦራቶሪ «አልተገኘም» ብሎ ይጽፋል፤ አልዋሸምም። በዚያው ጭቃ ውስጥ የሚኖር፣ 2 በመቶ ስብ ያለው ትል ግን ከ60 እስከ 120 ማይክሮ ግራም በኪሎ ይሸከማል፤ ትሉን ደግሞ ዓሣ ይበላዋል። አጥብቆ የሚያዝ ኬሚካል ከሆነ የውሃ ምርመራ መልስ አይሰጥም። ደለሉ ነው መመርመር ያለበት።

ደለል መመርመርም በአካፋ ዝቆ በፌስታል ማምጣት አይደለም። ለብረት የፕላስቲክ ማንኪያና የታጠበ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ለኦርጋኒክ ውህድ የማይዝግ ብረት ማንኪያና ክዳኑ በአልሙኒየም ወረቀት የተሸፈነ የብርጭቆ ማሰሮ ያስፈልጋል፤ ከተደባለቀ ፕላስቲኩ ውህዱን ይመጠዋል፣ ብረቱም የክሮሚየሙን ውጤት ያበላሻል። ደቻቱ ላይ ከሆነ የላይኛውን 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ቅርፊት ብቻ፣ ከአንድ ቦታ ሳይሆን በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ካሉ ከአምስት ወይም ከዚያ በላይ ነጥቦች ሰብስቦ ማደባለቅ ይሻላል። ከፍሳሹ መግቢያ በላይም ናሙና ይወሰድ፤ የሚነጻጸርበት ከሌለ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም። በ4 ዲግሪ፣ በጨለማ ይጓጓዛል። ሰልፋይድ የሚለካበት የባሕር ጭቃ ከሆነ ማሰሮው እስከ አፉ ይሞላል፣ አየር አይተውለትም፣ ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ ክዳኑ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ያደረ ናሙና ሰልፋይዱ በአየሩ ስለጠፋ የሚሰጠው ቁጥር ባዶ ነው። ባዝቃ ካለበት ከ40 ዲግሪ በላይ አይደርቅም፤ ይተናል።

ከዚያ በ63 ማይክሮ ሜትር ወንፊት ይነፋል። ሳይነፋ የተለካ ጅምላ ናሙና ደቻቱ ላይ ብዙ ጊዜ ንጹሕ መስሎ ይወጣል፤ ዘጠኝ እጅ አሸዋ ከአንድ እጅ ጭቃ ጋር ሲለካ ቁጥሩን አሸዋው ያወርደዋል። ውጤቱን ከአልሙኒየም ጋር ማነጻጸር ደግሞ የሸክላው ብዛት ያመጣውን ልዩነት ከብክለቱ ይለያል። በንጉሥ ውሃ (ሦስት እጅ ሃይድሮክሎሪክ፣ አንድ እጅ ናይትሪክ አሲድ) የማይሟሟ ክሮማይት የተባለ ማዕድን ውስጥ ያለ ክሮሚየም የድንጋዩ ነው፤ የፋብሪካ አይደለም።

ካርቦኑ ላይ ነው ብዙ ላቦራቶሪ የሚወድቀው። ኖራ ራሱ ካርቦን አለው። የድሬዳዋን ደለል በአሲድ ሳያክሙ ካርቦን መለኪያ ማሽን ውስጥ ቢያስገቡት የኖራው ካርቦን እንደ ብስባሽ ተቆጥሮ አሸዋው ታላቅ መያዣ ይመስላል። በ1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ መፋላቱ እስኪያቆም ማከም ያስፈልጋል። በማቃጠል የሚለኩ ከሆነ ከ550 ዲግሪ አይለፉ፤ ከዚያ በላይ ኖራው ራሱ መበተን ይጀምራል። በየአፈር ላቦራቶሪው የተለመደው የዳይክሮሜት ዘዴ ኖራ አያሳስተውም፤ የባሕር ጭቃ ላይ ግን ክሎራይዱ ዳይክሮሜቱን ስለሚበላ ብስባሹን አብዝቶ ያሳያል፤ ጨውን አስቀድሞ ማጠብ ወይም የብር ሰልፌት መጨመር ነው መፍትሔው። በነገራችን ላይ ይህን ዘዴ የክሮሚየም ናሙና በሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሰው የሚለካው የራሱን ሬአጀንት ነው።

ቆፍሮ ማውጣት ስለተባለው

ጃፓን ውስጥ፣ በባዝቃ በተበከለው የሚናማታ ባሕር ዳርቻ ላይ ተደርጓል። ከ1977 እስከ 1990 (እ.ኤ.አ.) በኪሎ ከ25 ሚሊ ግራም በላይ ባዝቃ የያዘ 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ጭቃ ተነሥቶና ተከልሎ 58 ሄክታር መሬት ተሠራበት። የወጣው ጭቃ ወደ ሌላ ቦታ አልተበተነም፤ እዚያው ታጥሮ፣ በንጹሕ አፈር ተከድኖ ነው የቀረው። ሥራው 13 ዓመት የፈጀውም ጭቃው ሲነሣ እንዳይበተን በጥንቃቄ ይሠራ ስለነበር ነው። ውሃ ውስጥ ሲቆፈር ከብክለቱ ጥቂት በመቶው፣ አንዳንዴም አሥር በመቶ ድረስ፣ በስስ ሽፋን መልክ እዚያው ይቀራል፤ አሁን ከላይ ስለሆነ ለዓሣው ከቀድሞው ይቀርባል። አማራጩ በ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ንጹሕ አሸዋ መክደን ወይም የነቃ ከሰል ከ2 እስከ 5 በመቶ ማደባለቅ ነው። ከሰሉ ፒሲቢንና ዲዲቲን በደንብ ይይዛል፤ ለክሮሜት ግን አይታመኑበት።

ደቻቱ ላይ ነገሩ እጅግ ይቀላል። በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ ስለሆነ የባሕር ቁፋሮ ችግር የለበትም፤ በበልግና በክረምት ጎርፍ መካከል ቅርፊቱን ከፍሳሹ መግቢያ በታች 2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ልጦ፣ አቧራው እንዳይነሣ አርጥቦ መሰብሰብ ይቻላል። አሸዋውን ማንሣት አያስፈልግም። በጸሐፊው ሐሳብ ውስጥ ሊሠራበት የሚገባው ክፍል ይህ ይመስለናል፤ የፍሳሹ ቧንቧ ካልተዘጋ ግን በየዓመቱ የሚደገም ወጪ ይሆናል።

ጡብ ስለተባለው

እዚህ ላይ በፍጹም አንስማማም። የተለጠው ደለል ኖራ የሞላበት ነው። ረግቶ የተቀመጠው ባለ ሦስት ቫለንስ ክሮሚየም ከኖራ ጋር፣ አየር ባለበት ምድጃ ከ600 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ካልሲየም ክሮሜት ይሆናል፤ የማይሟሟው ወደሚሟሟውና ካንሰር አምጪው መልክ ይለወጣል። በሲሚንቶ ምድጃም ይኸው ስለሚከሰት ነው አውሮፓ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሲሚንቶ ውስጥ የሚሟሟ ባለ ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም በኪሎ ከ2 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ የደነገገው። ባዝቃ ካለ በ357 ዲግሪ ይፈላል፤ በጭስ ማውጫው ወጥቶ ሰፈሩ ላይ ይወርዳል።

ጡቡ ተሠርቶ ከሆነ ማጣራት ቀላል ነው። ከ4 ሚሊ ሜትር በታች አድቅቆ፣ ለ1 ኪሎ 10 ሊትር የተጣራ ውሃ ጨምሮ 24 ሰዓት መናጥ፤ በ0.45 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ ማጣራት፤ ፒኤቹን በአሲድ ወደ 2 አውርዶ ዳይፌኒል ካርባዛይድ መጨመር። ባለ ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም ካለ ሐምራዊ ይሆናል፤ መጠኑ በ540 ናኖ ሜትር ይነበባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የጠቅላላ ክሮሚየም መጠን በሊትር 50 ማይክሮ ግራም ነው፤ ከዚያ በላይ ያሳየ ጡብ ለውሃ ማጠራቀሚያ ግድግዳም ሆነ ዝናብ ለሚመታው አጥር አይሁን።